ከጥርሱ በፊት ሳንባው፦ የጭራቅ ቅርጽ ልምምዴ የት ደረሰ?

ለፊልም የሚሆኑ ጭራቆችን በሽቦና በፕላስቲሲን መቅረጽ ከጀመርኩ ወዲህ ከብዙዎቻችሁ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ከየት ነው የሚጀመረው? አብዛኞቻችን ከፊቱ እንጀምራለን። አፍ ይከፈታል፣ ጥርስ ይደረደራል፣ ዓይኑ ይቀላል። እኔ አሁን የምጀምረው ከሳንባው ነው። ፍጡሩ በምን ይተነፍሳል? ክብደቱን ምን ይሸከምለታል? ለምን እንዲህ መሰለ? እነዚህ ሦስቱ ሲመለሱ ፊቱ ራሱ ይመጣል።

በዚህ መንገድ እንድሄድ ያደረገኝ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የጊየርሞ ዴል ቶሮ «ሚሚክ» («አስመሳይ» ማለት ነው) የተባለው ፊልም ነው። ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኒው ዮርክ ውስጥ በረሮ የሚያዛምተው በሽታ ሕፃናትን እየፈጀ ነው። መድኃኒት የለውም። ሱዛን ታይለር የተባለች የነፍሳት ተመራማሪ የምስጥንና የማንቲስን ዘረመል ቀላቅላ አዲስ ነፍሳት ትፈጥራለች። (ማንቲስ ያ የፊት እግሮቹን አጥፎ የሚጸልይ የሚመስለው አዳኝ ነው።) አዲሱ ነፍሳት የሚያመነጨው ፈሳሽ በረሮዎቹን ይጨርሳቸዋል። በሽታው ይቆማል፣ ልጆች ይተርፋሉ። የተፈጠሩት ነፍሳት ደግሞ እንዳይራቡ፣ ጥቂት ወራት ኖረው እንዲያልቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎች ሰው የሚያክል ነገር መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ፍጡሩን ከሩቅ በጨለማ ስታዩት ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ካፖርቱ የታጠፈ ክንፉ ነው። ፊቱ ደግሞ ሁለት ቅርፊቶች ሲገጥሙ የሚፈጠር ጭምብል ነው። ቅርፊቶቹ ሲከፈቱ ከኋላቸው የነፍሳቱ እውነተኛ ፊት ይታያል። ይህንን ክፍል ደጋግሜ እያቆምኩ ነው ያየሁት። አንድም ለጌጥ የገባ ነገር የለም። ክንፉም ፊቱም ሥራ አላቸው። ሥራቸው ሰውን ማታለል ነው።

ተፈጥሮም ይህንኑ ታደርጋለች። ምንም መናደፊያ የሌላቸው፣ የንብ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ዝንቦች አሉ። አበባ መስሎ የሚጠብቅ ማንቲስ አለ። በጉንዳን ቤት ውስጥ የጉንዳኖቹን ሽታ ተቀብተው በሰላም የሚኖሩ ጥንዚዛዎችም አሉ። ፊልሙ ይህን የመጨረሻውን ገልብጦ ተጠቅሞበታል። ሰዎቹ ከፍጡሩ ሬሳ የሽታ ዕጢ አውጥተው ልብሳቸውን ይቀባሉ። አሁን አስመሳዩ ሰው ሆነ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የምወደው ትዕይንት ይሄ ነው። ሐሳቡ ከሥነ ሕይወት የመጣ ነው፣ ፍርሃቱም የሚመነጨው ከዚያው ነው።

አሁን ወደ ሳንባው ልምጣ። ይህንን በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የቅርጹን አካል በሙሉ የቀየረልኝ ይሄ ነው።

በረሮ ሳንባ የለውም። በጎንና በጎኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። አየር በእነሱ ገብቶ በቀጫጭን ቱቦዎች በቀጥታ ወደ ሰውነቱ ይደርሳል። ትንሽ ለሆነ ፍጡር ይህ በጣም ጥሩ አሠራር ነው። አካሉ ሲተልቅ ግን ቱቦው ይረዝማል፣ ኦክስጅን ወደ ውስጥ መድረስ ያቅተዋል። የዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የክንፋቸው ስፋት ወደ 70 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ የውሃ ተርብ መሳይ ነፍሳት ነበሩ። በዚያን ዘመን በአየር ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ዛሬ ካለው 21 በመቶ በጣም የበለጠ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች ለግዝፈታቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ይላሉ።

ሌላው ክብደት ነው። እዚህ ላይ ካልኩሌተር አውጡ። 4 ሴንቲ ሜትር የሆነውን በረሮ 160 ሴንቲ ሜትር እናድርገው። 40 እጥፍ አደገ። የእግሩ ውፍረት፣ ማለትም ክብደት የሚሸከመው ስፋት፣ 40 በ40 ይሆናል፤ 1,600 እጥፍ። ክብደቱ ግን 40 በ40 በ40 ነው፤ 64,000 እጥፍ። ስለዚህ እያንዳንዱ እግር ድሮ ይሸከም ከነበረው 40 እጥፍ ጫና ይወርድበታል። በረሮን ዝም ብሎ ማተለቅ አይቻልም። ይሰበራል።

የ«ሚሚክ» ሰዎች ይህንን ጥያቄ አልሸሹትም። ታሪኩ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ነፍሳቱ ሳንባ ማብቀላቸውን ያያሉ፣ እንዲህ ሊተልቁ የቻሉትም በዚህ ነው ይባላል። የክብደቱ ሒሳብ እንዳለ ሆኖ፣ ለእኔ ይህ በቂ ነው። ተመልካቹ «እሺ፣ ስለዚህ ነው» ብሎ እንዲቀበል አንድ በር ተከፈተለት። አንዴ ከተቀበለ ቀሪውን ያምናል።

እኔም የራሴን ፍጡር በዚህ ነው የጀመርኩት። ቁመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ይሆናል። ደረቱን ከመሙላቴ በፊት ለሳንባ ቦታ ተውኩለት። ሽቦውን የጎድን አጥንት አድርጌ አጎበጥኩት፣ ውስጡ የልደት ፊኛ ከተትኩ። ፊኛውን በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጋር አገናኘሁት። ከላይ ስስ የላቴክስ (ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ፈሳሽ) ቆዳ አለበስኩት። ሲሪንጁን ቀስ ብላችሁ ስትገፉ ደረቱ ይነሳል፣ ስትስቡ ይወርዳል። ፊኛን ከቆዳ ሥር ደብቆ ማስተንፈስ የፊልም ሜካፕ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዛት የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ውጤቱ ግን ልብ ያስደነግጣል። በተለይ ሲሪንጁን በእኩል ፍጥነት አትግፉ። ሁለቴ አጠር አድርጉ፣ ከዚያ አንዴ ረዘም አድርጉ። ያኔ ቅርጹ በቃ ሕይወት ይዘራል።

እግሮቹን ወፍራም አደረግኳቸው። ሒሳቡ ያዘዘው ነው። ስድስቱም የሚነሱት ከመሐለኛው አካል ነው፣ የነፍሳት ደንብ ስለሆነ አልነካሁትም። ሆዱ ላይ እግር የለም። ይህንን ደንብ የጣሰ ጭራቅ ስታዩ ምክንያቱን ባታውቁት እንኳ ዓይናችሁ «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላችኋል።

ዓይኑ ላይ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ማንቲስን በፎቶ አጉልታችሁ እዩት። ዓይኑ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች። ከየትም አቅጣጫ ብታዩት ነጥቧ ወደ እናንተ የዞረች ትመስላለች። ብሌን ግን አይደለችም። ዓይኑ የተሠራው ከብዙ ጥቃቅን ዓይኖች ነው። በቀጥታ ወደ እናንተ የሚመለከቱት ብርሃኑን ስለሚውጡት ጠቁረው ይታያሉ። እኔ ይህንን ያገኘሁት ግማሽ ክብ የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ወስጄ፣ ከኋላው ትንሽ ራቅ አድርጌ ጥቁር ነጥብ በመቀባት ነው። ከላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ደረብኩበት። ስልክ ካሜራ ይዛችሁ ስትዞሩ ነጥቧ ትንሽ ትከተላችኋለች። ለቀይ ዓይን ምንም ቀለም ማባከን አያስፈልግም።

ከሌሎች ፊልሞች የወሰድኩትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የዴቪድ ክሮነንበርግ «ዘ ፍላይ» ላይ ሳይንቲስቱ ከዝንብ ጋር በዘረመል ይዋሐዳል። የሜካፑ ጌቶች ክሪስ ዋላስና ስቴፋን ዱፑዊ በዚህ ሥራቸው ኦስካር ወስደዋል። መጀመሪያ የሚታየው ለውጥ ጀርባው ላይ የበቀሉ ጥቂት ሻካራ ፀጉሮች ናቸው። ከዚያ ጥፍሩ ይነቀላል። ሙሉው ጭራቅ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ፍጡር ስትሠሩ የመጨረሻውን መልኩን ብቻ አትሥሩ። መካከለኛ ደረጃዎቹን በወረቀት ሣሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1993ቱ «ጁራሲክ ፓርክ» ደግሞ ሙሉ ቁመት የነበረው የቲ-ሬክስ (የግዙፉ ሥጋ በል ዳይኖሰር) ማሽን ሰው ሠራሽ ዝናብ ሲወርድበት የስፖንጅ ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ስለከበደ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆዳ ስትመርጡ ቀረጻው ደረቅ ቦታ ነው ወይስ እርጥብ የሚለውን አስቀድማችሁ አስቡ።

አንዳንዶቻችሁ «እነዚህ ፊልሞች ሰው ሳይንስን እንዲጠላ ያደርጋሉ» ስትሉ ሰምቻለሁ። በዚህ አልስማማም። «ሚሚክ»ን ልዩ የሚያደርገው የሱዛን ውሳኔ በጊዜው ትክክል መሆኑ ነው። ልጆች እየሞቱ ነበር፣ እሷ አዳነቻቸው። የታሪኩ ሕመም እዚያ ላይ ነው። ክፉ ሳይንቲስት ቢሆን ኖሮ ቀላል ይሆን ነበር።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ ከእስያ የመጣ ነው። ጅቡቲ ውስጥ በ2012፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ቀብሪ ደሃር ላይ በ2016 ተገኘ። የከተማ ትንኝ ነው፤ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ይራባል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዟል። ጅቡቲ በግንቦት 2024 ዘረመላቸው የተለወጠ ወንድ ትንኞችን ለቀቀች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ወንድ ትንኝ አይናደፍም። የተሸከመው ዘረመል ሴት ልጆቹ ሳያድጉ እንዲሞቱ ያደርጋል። ዓላማው ከሱዛን ዓላማ ጋር አንድ ነው፣ ልጆችን ከበሽታ ማዳን። ወባ ያደረሰብንን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ለእኛ ፊልም ለምንሠራው ደግሞ ከማንም ሳንኮርጅ የራሳችንን ታሪክ ልንነሳበት የምንችልበት መሬት ነው። ሮቶ ውስጥ የሚጀምር ታሪክ። የእኔ ፍጡር አሁን ረጃጅም የትንኝ እግሮች ሳይኖሩት የትንኝ አንገትና አፍ ያለው ለዚህ ነው።

አሁን የቀረኝ ክንፉ ነው። ቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ ሞከርኩ፣ የመጽሐፍ መለበጃው ዓይነት። ደም ሥር የሚመስሉትን መስመሮች በሽቦ አወጣኋቸው፣ ደስ ይላሉ። ነገር ግን ሲታጠፍ ይጮኻል፣ ሲዘረጋም የእጥፋቱ ምልክት አይጠፋም። እኔ የምፈልገው ሲታጠፍ ትከሻ ላይ እንደ ነጠላ የሚወድቅ፣ ሲዘረጋ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነው። በስስ ጨርቅ ላይ ላቴክስ የቀባችሁ ካላችሁ ስንት ድርብ እንደቀባችሁና በምን እንዳደረቃችሁት ንገሩኝ። ለመብራት ሙከራው የጓሮውን ሮቶ ከልዬ ጨርሻለሁ፣ ክንፉ እንዳለቀ ቪዲዮውን እልክላችኋለሁ።