ክላሽ የገዛ ሰው ሳጥንም ይግዛ

በጎጃም ገጠር ጠብመንጃ ተራ ዕቃ አይደለም። በሬ ተሽጦ ይገዛል፤ ለሠርግ ይታነገታል፤ ለቀብር ይተኮሳል፤ አባት ሲያርፍ ለልጅ ይተላለፋል። አርበኞች ከነበላይ ዘለቀ ጋር ጣሊያንን የተጋፈጡት በአሮጌ ጠብመንጃና ከጠላት በማረኩት ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣም የሞጣና የዙሪያው ገበሬ እምቢ ያለው መሣሪያውን ይዞ ነው። ስለዚህ ጠብመንጃ መያዝ ነውር ነው ብዬ ማንንም አልሰብክም። ከፖሊስ ጣቢያ የብዙ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ የሚኖር፣ ከብቱ በሌሊት የሚነዳበት ሰው ቤቱንና ቤተሰቡን የመጠበቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ። የማልስማማው መሣሪያ ስለገዛ ብቻ ተጠበቅሁ ከሚለው ጋር ነው። አያያዙን ባልተማረ ሰው ቤት ክላሹ ከሌባው በፊት የሚያገኘው የቤቱን ልጅ ነው።

ብዙ አደጋ የሚጀምረው «ባዶ ነው» ከሚል ቃል ነው። ክላሽ በካዝናው (ካርታ የሚሉትም አሉ) ከሚይዘው 30 ጥይት ሌላ፣ ከተቀባበለ አንዲቷን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል። ካዝናው ቢነቀልም ያቺ ጥይት ከቦታዋ አትነቃነቅም። ስለዚህ ባዶ የማድረጉ ቅደም ተከተል መቼም መዛባት የለበትም። መጀመሪያ አፈሙዙ ሰውና ከብት ወደሌለበት ለስላሳ አፈር ይዙር፤ ጣት ከምላጩ ይራቅ። ቀጥሎ ካዝናው ይነቀል። ከዚያ በቀኝ ጎን ያለችው መቆለፊያ ትውረድ፤ እሷ ወደ ላይ ከሆነች ማቀባበያው እስከ መጨረሻው አይሳብም። አሁን ማቀባበያውን እስከ ጥግ መሳብ፣ ውስጥ የነበረችው ጥይት ተስፈንጥራ ስትወጣ ማየት፣ እንደሳቡም ይዞ ወደ ውስጥ መመልከት ነው። ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ማቀባበያው ይለቀቅና መቆለፊያው ወደ ላይ ይመለሳል።

ሰው የሚሞተው ሁለቱ ሥራዎች ቦታ ሲለዋወጡ ነው። ካዝናውን ሳይነቅል ማቀባበያውን የሳበ ሰው አንዷን ጥይት አስወጥቶ ወዲያው ሌላዋን ያስገባል። ከዚያ ካዝናውን ነቅሎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። መሬት የወደቀችውን ጥይት በዓይኑ ስላየ ልቡ አርፏል፤ መሣሪያው ግን ጎርሷል። ይህን ስህተት ለዓመታት የታጠቀ ሰውም ይሠራዋል፤ በተለይ ሲደክመውና ሲቸኩል።

ሌላው ብዙ ሰው ልብ የማይለው የመቆለፊያዋ ቦታ ነው። ሦስት ደረጃ አላት። ወደ ላይ ዝግ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ቀጭ ስትል የምታርፈው በአንድ በአንድ የሚተኮስበት ላይ አይደለም፤ ያለማቋረጥ የሚተኮስበት ላይ ነው። አንድ በአንዱ የታችኛው ነው። የደነገጠ ሰው በጨለማ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲያወርዳት መሃል ላይ ያቆማታል። ክላሽ በደቂቃ ወደ 600 ጥይት በሚደርስ ፍጥነት ይተኩሳል፤ በሴኮንድ ዐሥር ማለት ነው። 30ው ጥይት በሦስት ሴኮንድ ያልቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስቱ ካለፉ በኋላ አፈሙዙ ወደ ላይ እየተነሣ ጣሪያና ሰማይ ይመታል። ቤቱን ሊጠብቅ የተነሣው ሰው ባዶ ብረት ይዞ ይቀራል፤ ጥይቶቹ ደግሞ የት እንዳረፉ የሚያውቅ የለም። መድኃኒቱ በቀን ብርሃን፣ ጥይት በሌለበት፣ መቆለፊያዋን እስከ ታች የማውረድን ነገር እጅ ያለ ዓይን እስኪሠራው መለማመድ ነው።

ሲሞኖቭ የተባለው ጠብመንጃ ያለው ሰው ሌላ ጥንቃቄ ይጨመርበታል። የሱ ካዝና አብሮት የተሠራ ነው፣ ዐሥር ይይዛል። የጥይቷን ቂጥ የምትመታው መርፌ ልቅ ናት፤ ወደፊትና ወደኋላ እንደልቧ መመላለስ አለባት። የደረቀ ቅባት፣ አቧራ ወይም ዝገት ወደፊት ገፍቶ ካጣበቃት፣ ገና ሲቀባበል ምላጭ ሳይነካ ይተኩሳል፤ አንዳንዴም ማቆሚያ የለውም። መፈተሻው ቀላል ነው። ባዶ ከሆነ በኋላ ተፈቶ መርፌዋ ያለችበት ክፍል በጆሮ በኩል ሲነቀነቅ ኳ ኳ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ታጥቦ እስኪላቀቅ ድረስ ጥይት አይግባበት።

ወደ ጽዳቱ ልምጣ፤ የክረምት ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። አሮጌው የምሥራቅ አገሮች ጥይት ባሩዱን በምትለኩሰው ቆቡ ውስጥ ሲቃጠል ጨው የሚተው ቅመም አለበት። ያ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይቀርና እርጥበት ይስባል። ከሰኔ እስከ መስከረም በጮቄ ዙሪያ ባለው ጭጋግ፣ ተተኩሶ ሳይጸዳ ያደረ አፈሙዝ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀይ ይለብሳል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ስለዚህ ዘይት ብቻ መቀባት ዝገቱን ከሥር ከድኖ ማሳደር ነው። ሙቅ ውኃ በአፈሙዙ ውስጥ ማሳለፍ፣ በደረቅ ጨርቅ እስኪነጣ መወልወል፣ ከዚያ ስስ የሞተር ወይም የመሣሪያ ዘይት መቀባት ነው። የኑግ ዘይት አይሆንም። ኑግ ሲቆይ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይያያዛል፤ መርፌዋንም ማቀባበያውንም ያጣብቃል። ቅቤም ጨውና ቆሻሻ ይዞ ስለሚመጣ ያው ነው።

ጥይት ከመሬት ተቀብሮ ወይም ጢስ ባለበት ጣሪያ ሥር ተወትፎ የከረመ ከሆነ አንድ በአንድ ይታይ። ቀለሁ አረንጓዴ ያወጣ፣ የተሰነጠቀ ወይም እርሳሱ በእጅ ሲነካ የሚነቃነቅ ጥይት ይለይና ለፖሊስ ይሰጥ። ምላጭ ተስቦ «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት እንደዞረ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ ደግሞ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ የተኮሰ ሰው ብረቱ ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ብዙ ቤት መሣሪያ የሚቀመጠው ከመደብ ሥር፣ ከቆጥ ላይ ወይም ከጎታ ጀርባ ነው። አዋቂው ያልታየ ይመስለዋል፤ የቤቱን ጓዳ ከልጅ በላይ የሚያውቅ ግን የለም። የአካባቢው ብረት ሠሪ የሚበይደው፣ ከግድግዳው ምሰሶ ጋር በቦሎን የታሰረ የቆርቆሮ ሳጥን ከአንዲት በግ ብዙም የሚበልጥ ወጪ አይጠይቅም። ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ፤ ቁልፉም ከባለቤቱ ወገብ አይለይ። ሳጥን ለጊዜው ያልቻለ ሰው ካዝናውን ነቅሎ፣ በካዝናው መግቢያ አስገብቶ በጥይት ማውጫው የሚወጣ ሰንሰለት በቁልፍ ይሰርበት፤ ማቀባበያው ስለማይዘጋ መሣሪያው ሊተኩስ አይችልም። ጥይት ይቆጠር፣ ቁጥሩም ይጻፍ። አንዲት ከጎደለች ልጆቹን ሳይመቱ መጠየቅ ነው፤ የተመታ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

«ተቆልፎ ሌሊት ሌባ ቢመጣስ?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው። መልሱ ሌባውን ከበር ውጭ የሚያቆየው ነገር ላይ ነው። የጠነከረ መወርወሪያ፣ ውጭ ያደረ ውሻ፣ በሶላር የሚበራ አንድ አምፖል፣ ሲጮህ የሚደርስ ጎረቤት። እነዚህ የአንድ ደቂቃ ዕድል ይሰጣሉ፤ ቁልፍ ለመክፈት ይበቃል። ኡኡታው ከጥይቱ ይቅደም። የክላሽ ጥይት በሴኮንድ 700 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ አያቆመውም፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶም ሊገድል ይችላል። በጨለማ ኮሽታ ላይ የተኮሰ ሰው ሽንት ሊሸና የወጣውን ወንድሙን ወይም ከማዶ የተኛውን ጎረቤት ሊያገኝ ይችላል። ባትሪ ሳያበሩ፣ «ማነህ?» ሳይሉ፣ ፊቱን ሳያዩ ምላጭ መሳብ መከላከል አይባልም። ለሠርግ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም እንዲሁ ነው፤ ጋደል ብሎ የወጣ እርሳስ ሌላ መንደር ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ ነው።

ሕጉንም ማወቅ ግድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም መሸጥም ክልክል ነው፤ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ባለቤቱን በተጠቃበት ሌሊት እንኳ ተከሳሽ ያደርገዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን መከላከል የማያስቀጣው ጥቃቱ ሕገ ወጥ ሲሆን፣ ሲጀመር ወይም ሊጀመር ሲል፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል ሲሆንና አጸፋው ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው ይላል። አራቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ልክ ካለፈ አንቀጽ 79 ቅጣቱ እንዲቀልል፣ ከጥቃቱ በመጣ ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነም ፍርድ ቤቱ ሳይቀጣ ሊተው እንዲችል ይፈቅዳል። በሬውን ጥሎ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ሌባ ላይ መተኮስ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ጥቃቱ አልቋል። በሬ በሬ ነው፣ እግሩን ተከትሎ ይገኛል።

በኛ አገር ደግሞ ፍርድ ቤቱ ነፃ ቢያወጣም ደሙ አይቀርም። የሟች ወገን ደመኛ ይሆናል፤ ሽማግሌ ገብቶ ደም እስኪያደርቅ ድረስ ገዳዩ ገበያ አይወጣም፣ ወንድሞቹም እርሻቸውን በዙሪያቸው እያዩ ያርሳሉ። ለዚህ ነው መሣሪያ ያለበት ቤት ውስጥ የቁስል ማሰሪያም መኖር አለበት የምለው፤ ለቤተሰብም፣ ለቆሰለው ሌባም። ሌባው ከዳነ ደም የለም። ከክንድ ወይም ከእግር ደም እየፈነጠቀ ከሆነ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የነጠላ ቅዳጅ ከቁስሉ በላይ ወደ ልብ በኩል 5 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር አርቆ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳያሳርፉ ማሰር፣ በቋጠሮው ላይ ጠንካራ ዱላ አስገብቶ ደሙ እስኪቆም ማጠንጠን፣ ዱላውንም እንዳይፈታ ማሰር ነው። ገመድና ሽቦ ሥጋ ስለሚቆርጡ አይሆኑም። ያምመኛል ቢል አይላላለት። ብብት፣ ብሽሽት ወይም አንገት ከሆነ ማሰሪያ ስለማይይዝ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅጥቆ በሁለት እጅ መጫን ነው። የታሰረበት ሰዓት በከሰል ግንባሩ ላይ ይጻፍ፤ ቃሬዛ ተሸካሚውም ሐኪሙም ያነበዋል።