በቡርጎኝ ቦይ ዳር

ፈረንሳይን በብስክሌት ለማየት ለሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የሎዋርን ወንዝ እንዲከተል ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ከኔቬር አካባቢ ተነሥቶ አትላንቲክ ውቅያኖስ እስኪደርስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው መንገድ በየመታጠፊያው ምልክት አለው፣ በዳርቻው የሚታዩት ቤተ መንግሥቶችም ዓለም ያወቃቸው ናቸው። እኔ ግን ዘንድሮ ልቤ ያደላው የፈረንሳይን የቡርጎኝ ክፍለ ሀገር ወደሚያቋርጠው የጀልባ መሄጃ፣ ወደ ቡርጎኝ ቦይ ነበር። ወንዝ በተፈጥሮው ቁልቁል ይወርዳል፤ ቦይ ግን በሰው እጅ ተመርቶ ኮረብታ ይወጣል፤ ኮረብታ የሚወጣ ውኃ እየተከተሉ መጓዝ ምን እንደሚመስል በራሴ እግር ማወቅ ፈለግሁ።

ቦዩ በዮን ወንዝ ዳር ካለችው ከሚዤን ተነሥቶ በሶን ወንዝ ዳር እስካለችው እስከ ሳን ዣን ደ ሎን 242 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ዮን በፓሪስ የሚያልፈው የሴን፣ ሶን ደግሞ ወደ ሜድትራኒያን የሚፈሰው የሮን ገባር ስለሆነ፣ ፓሪስና ሜድትራኒያን ባሕር በዚህ ቦይ አማካይነት በውኃ ይገናኛሉ። ሥራው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ተጀምሮ፣ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ተቋርጦ፣ ከዳር እስከ ዳር ለጀልባ የተከፈተው በ1832 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጀልባ ከፍታውን የሚወጣውና የሚወርደው በ189 የውኃ በሮች ነው፤ በሁለት መዝጊያዎች መካከል ይገባል፣ የኋላው ይዘጋል፣ ከላይ ውኃ ይለቀቅለታል፣ ከውኃውም ጋር ከፍ ብሎ በፊተኛው በር ይወጣል። በበሮቹ አጠገብ የጠባቂ ቤት አለ፤ በግድግዳውም ላይ የበሩ ቁጥርና እስከሚቀጥለው በር ያለው ርቀት ተጽፏል። ቁጥሩ የሚጀምረው የቦዩ ከፍተኛ ቦታ ከሆነው ከፑዪ ኦን ኦክሷ በመሆኑ፣ ከሚዤን የሚነሣ ብስክሌተኛ ከመቶ በላይ ከሆነ ቁጥር ተነሥቶ ወደ አንድ እየቀነሰ ይወጣል። ለደከመ እግር ከዚህ የተሻለ ማበረታቻ አላውቅም።

ዛሬ ብስክሌት የሚነዳበት የቦዩ ዳር ቀድሞ ሰዎችና ፈረሶች ጀልባ በገመድ የሚጎትቱበት መንገድ ነበር፤ ሜዳማነቱም የመጣው ከዚያ ነው። አንዳንዱ ክፍል አስፋልት፣ አንዳንዱ የተደለደለ ጠጠር፣ አንዳንዱም ሣር የበቀለበት አፈር ስለሆነ ቀጭን ጎማ አይመከርም፤ በየውኃ በሩ ለምትገጥመው አጭር ዳገትም ሸክም የጫነ ብስክሌት ቀላል ማርሽ ያስፈልገዋል። የሳንቴትየን ከተማው ፖል ደ ቪቪ፣ ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስሙ የሚታወቀው የብስክሌት ጉዞ አባት፣ ለተራ መንገደኛ የሚለዋወጥ ማርሽ ያስፈልጋል እያለ የተሟገተው ከመቶ ዓመት በፊት ነበር፤ የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ግን ማርሽ ቀያሪን የፈቀደው በ1937፣ እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ የሚለውም ምክር የእርሱ ነው፤ በተለይ ሱቅ በሌለበት ገጠር ይህን ምክር ቃል በቃል መፈጸም ይገባል።

ስለዚህ መንገድ አጥብቄ የምለው ነገር ቢኖር ከእርሱ መውጣት እንደሚገባ ነው። የቦዩ ዳር እጅግ ምቹ ስለሆነ ቡርጎኝን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ስለ ቡርጎኝ አንዳች ሳያውቁ መመለስ ይቻላል። መንደሮቹ ከቦዩ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው የተቆረቆሩ በመሆናቸው አብዛኞቹ በኮረብታ ወገብ ወይም ከአርማንሶን ወንዝ ማዶ ናቸው፤ ወደ እነርሱ የሚወስዱት ጠባብ የአውራጃ መንገዶችም፣ በየኪሎ ሜትሩ ቢጫ አናት ያለው የድንጋይ ምልክት የቆመባቸው፣ መኪና የማይበዛባቸው ናቸው። የስንዴው ማሳ፣ ነጫጮቹ የሻሮሌ ከብቶች፣ የድንጋይ ቤቶቹና ቤተ ክርስቲያኖቹ ያሉት በእነዚያ መንገዶች ላይ ነው። በቶኔር ከተማ ፎስ ዲዮን የሚባለውን ምንጭ ያየሁት እንዲህ ወጣ ብዬ ነው፤ ከኮረብታው ሥር አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ይፈልቃል፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመንም ዙሪያውን የልብስ ማጠቢያ ተሠርቶለታል። ከሞንባር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በጫካ ሸለቆ ውስጥ ያለው፣ በ1118 የተመሠረተው የፎንትኔ ገዳምም ከቦዩ አይታይም። መነኮሳቱ በወንዝ ኃይል ብረት ይቀጠቅጡበት የነበረው ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ እኔም ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ እዚያ ብዙ ቆየሁ።

ከሞንባር በፊት ኤዚ ሲዩር አርማንሶን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ካርታው ላይ ስሟን ሳይ አልፌያት መሄድ አልቻልኩም፤ የሕዝቦችን ባህል ያጠና የነበረው ፈረንሳዊ ምሁር ማርሴል ግሪዮል በ1898 የተወለደው እዚህ ነውና። በ1920ዎቹ መጨረሻ ጎጃም ደርሶ ያጠና፣ ከ1931 እስከ 1933 ደግሞ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘውን የጥናት ቡድን የመራ ሰው ነው። ቡድኑ በ1932 ጎንደር ሳለ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ አንሥቶ፣ በምትካቸው ቅጂ አድርጎ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ ዛሬም ያሉት በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። በመንደሯ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ብስክሌቴን አቁሜ የተሰማኝ ንዴት ብቻ አልነበረም። ስለ አገራችን ሊቃውንትና ልማዶች ትቶልን የሄደውን ጽሑፍ አነባለሁ፣ እጠቀምበታለሁም፤ ነገር ግን የአንድ ደብር ቅዱሳን ከምእመናኑ ዐይን ተነሥተው ቅጂያቸው በቦታቸው መቅረቱ ልክ ነው ብዬ ልቀበለው አልችልም። የዚህች መንደር ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ቢወሰዱ ነዋሪዎቿ ምን ይሉ ነበር? ጥያቄውን ይዤው ነዳሁ፣ አልተወኝም።

ውኃ ለሚያልቅበት መንገደኛ አንድ ነገር ልንገር፤ በፈረንሳይ ገጠር የመቃብር ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አላቸው፣ የረጅም ጉዞ ብስክሌተኞችም ይህን ያውቃሉ። «የማይጠጣ» የሚል ጽሑፍ ካለበት መተው ነው። ውኃ ፍለጋ ስገባ የማየው ግን መቃብሩን ብቻ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከ1914 እስከ 1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የመንደሩ ልጆች ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ። ዛሬ አንድ ዳቦ ቤት እንኳ በሌላት መንደር የሟቾቹ ዝርዝር ረጅም ነው፣ አንድ የቤተሰብ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። በየመንደሩ ባሉት ቤቶች መስኮት መዘጋት አዝኜ ስነዳ ምክንያቱን የከተማ ኑሮ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው፤ እነዚህን ስሞች ሳነብ ግን ባዶነቱ ከእኔ ግምት የቆየ መሆኑን ተረዳሁ። ዳቦ የሚሸጥባት መንደርም ብትገኝ ሰኞ ልትዘጋ ስለምትችል እሑድ ጠዋት መግዛት ይበጃል።

ከቬናሬ ሌ ሎም ከተማ በኋላ የውኃ በሮቹ እየተቀራረቡ ይመጣሉ፤ ፑዪ እስኪደረስ ድረስ ከ50 በላይ ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ 378 ሜትር በሆነው በዚህ ከፍታ ቦዩ በተራራው ሥር 3.3 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ያልፋል፣ ብስክሌተኛው ደግሞ ከላይ ይሻገራል። በዋሻው ውስጥ መጎተቻ መንገድ ስለሌለ ጀልባዎቹን ከውኃው በታች በቦዩ መሬት ላይ የተዘረጋ ሰንሰለት እየሳበ የሚያሳልፍ ጎታች ጀልባ ነበር፤ አሁን በፑዪ ለእይታ ቆሟል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የውኃው ምንጭ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር ከጫፉ ውኃ ወደ ሁለቱም ወገን ይወርዳል፤ የወረደውም በራሱ አይመለስም። ስለዚህ ቦዩን የሚመግቡ ግሮስቧ፣ ሻዚዪ፣ ሰርሴ፣ ቲዮ እና ፓንቲዬ የሚባሉ አምስት ግድቦች በኮረብቶቹ መካከል ተሠሩ። በፓንቲዬ ዳር ድንኳኔን ተክዬ አደርሁ። ከቦዩ ይልቅ ግድቡን ሳይ የመሐንዲሶቹ አሳብ ግልጽ ሆነልኝ፤ ዋናው ጭንቀታቸው መቆፈሩ ሳይሆን ዝናቡን ከክረምት እስከ በጋ ማቆየቱ ነበር።

ከሻቶኔፍ ምሽግ በታች አልፎ በኡሽ ወንዝ ሸለቆ ወደ ዲዡን ከተማ የሚወርደው ክፍል ከጉዞው ሁሉ ጥላ የበዛበት ነው። ከዲዡን እስከ ሶን ያለው ግን እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ ነፋስ የሚበዛበት ስለሆነ ጊዜ ያጠረው ሰው በባቡር ቢዘለው አልወቅሰውም።

ለሚቀጥለው ጉዞ የኒቬርኔን ቦይ መርጫለሁ። ከኦሴር እስከ ደሲዝ 174 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተጀመረውም ከሞርቫን ጫካዎች ለፓሪስ የማገዶ እንጨት ለማቅረብ ታስቦ ነበር። ማየት የምፈልጋት ቬዝሌ ከዚያ ቦይ ራቅ ብላ በኮረብታ ላይ ስላለች ከመጎተቻው መንገድ መውጣት ግድ ይላል፤ ዳገቱን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ለመውጣት አስቤያለሁ።