ከባሕር ዳር እስከ ወረታ፦ የፎገራ ሩዝ በመከር ወቅት

ከባሕር ዳር የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በሐሙሲት በኩል ወረታ የሚያደርሰው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጉማራን ወንዝ ስናልፍ ዓይን እስኪታክተው የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ጥቁሩ ዋልካ ውሃውን አቁሮ ይከርማል። ሌላው እህል ሥሩ የሚበሰብስበት ይህ መሬት ለሩዝ ተስማሚ ነው። የደረስነው በህዳር ስለነበር አጨዳው ተጋግሟል።

ሩዝ እዚህ መሞከር የጀመረው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት በሠሩበት ጊዜ ነው። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ነጭና ለእንጀራም የሚሆን ስለሆነ ገበሬው አልለቀቀውም። ወረታ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እንደ ሻጋና ዋንዛዬ ያሉ አዳዲስ ዝርያዎችን አውጥቷል። ይህ ሁሉ ተሠርቶም አገሪቱ ዛሬም ሩዝ ከውጭ ትገዛለች። ሜዳውን አይቶ ወደ መፈልፈያው የሄደ ሰው ምክንያቱን በከፊል እዚያው ያገኘዋል።

ማሳው ላይ የሚያበላሸው በዋናነት ጊዜ ነው። ዘሩ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ መግባት አለበት። ከዘገየ ዛላው የሚወጣው የጥቅምት ብርድ ሲጀምር ነው፤ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደ የአበባው ብናኝ ይመክናል፣ ዛላው ቀጥ ብሎ ቢቆምም ውስጡ ባዶ ነው። በመስመር ሲዘራ በመስመሮቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ዩሪያው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሩዙ ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ሲያወጣ፣ ሌላው ዛላው በአገዳው ውስጥ ሲጀምር ይሰጣል፤ ሁልጊዜም ከአረም በኋላ። በቆመ ውሃ ላይ ከተበተነ ብዙው በንኖ ይጠፋል።

ትልቁ ኪሳራ ግን ከማጭድ በኋላ ነው የሚመጣው። ሩዝ የሚታጨደው የፍሬው እርጥበት ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲሆን ነው፤ የሚፈለፈለው ደግሞ በ14 በመቶ ገደማ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የሚደረገው ነገር ጥራቱን ይወስናል። ገበሬው ሽምብራና ጓያ ለመዝራት መሬቱ ሳይደርቅበት ይቸኩላል፣ ስለዚህ እርጥቡን ነዶ ከምሮ ያቆየዋል። ክምሩ ውስጥ ሙቀት ይፈጠራል፣ ፍሬው ይበልዛል። ከዚያ በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ በበሬ ይወቃል፤ አፈርና ጠጠር የሚገባው እዚህ ነው። ሸራ ማንጠፍ ብቻውን ይህን ይቀንሳል።

ሲሰጣም ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጎ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እያገላበጡ ነው እንጂ እንዲሁ ትቶ መሄድ አይሆንም። ማታ ካልተሸፈነ የደረቀው ፍሬ ጤዛ ይጠጣና በውስጡ ይሰነጠቃል። አንድ ፍሬ በእጃችን ልጠን ወደ ፀሐይ ስናነሳው፣ ወገቡ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየን። ከውጭ ምንም አይታወቅም፤ መፈልፈያ ውስጥ ግን የሚሰበረው በዚያ መስመር ነው።

መፈልፈያዎቹን በተመለከተ፦ ከ1 ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ገደማው ገለባ፣ 8 እስከ 10 ኪሎው ፉርሽካ ነው። በጎማ ጥቅል የሚፈለፍል፣ ከዚያ ለይቶ የሚያነጣ ማሽን እስከ 65 ኪሎና ከዚያ በላይ ሩዝ ይሰጣል። ሁሉንም በአንዴ በብረት የሚፈትገው ትንሹ ማሽን ግን ከ53 እስከ 55 ኪሎ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ከዚያም ብዙው ስብርባሪ ነው። ረጅምና አጭር ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች ከተደባለቁ ደግሞ ማሽኑን ለሁለቱም ማስተካከል አይቻልም፤ ለአንዱ ሲስተካከል ሌላውን ይሰብራል።

ያ ስብርባሪ ነው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከውጭው ሩዝ ጋር የሚወዳደረው። በእኛ አስተያየት ተጨማሪ ማሳ ከማረስ በፊት የሚቀድመው ይህን ብክነት መቀነስ ነው፤ ከአንድ ኩንታል 10 ኪሎ ማዳን ዘርም ማዳበሪያም አይጠይቅም። በየመፈልፈያው በር የእርጥበት መለኪያ ቢቀመጥ፣ እርጥቡ ተመልሶ እንዲሰጣ ቢደረግ፣ ሸራ ላይ ለተወቃና ላልተደባለቀ ሩዝም የተሻለ ዋጋ ቢከፈል ገበሬው የሚደክምበት ምክንያት ያገኛል። ጠጠር ያለውና የሌለው በአንድ ዋጋ እስከተገዛ ድረስ ግን ሸራ የሚገዛ ሰው አይኖርም።