ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበሩ እናቶች

ዛሬ ቦሌ ኤርፖርት ሰው ልሸኝ ሄጄ አንዲት እናት አጠገባችን ቆመዋል። ልጃቸው ዘንድ፣ ዋሽንግተን ሊሄዱ ነው። «ልጄ፣ እዚያ ስደርስ ምን ይሉኛል?» አሉኝ።

«የት ነው የሚያርፉት ይሉዎታል» አልኳቸው። ስልካቸውን አወጡ። አድራሻውም የልጅየዋ ቁጥርም ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ባትሪው ሊያልቅ ደርሷል።

እስክሪብቶ ለምነን ወረቀት ላይ ጻፍንላቸው። የቤት ቁጥሩን፣ መንገዱን፣ ስልኩን ከፊቱ +1 ጨምረን። አጣጥፈው ፓስፖርታቸው ውስጥ ከተቱት። ወዲያው አወጡትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። እንዴት አንጀቴን እንደበሉት!

ወላጅ የምታስመጡ ልጆች፣ እባካችሁ ቲኬት ልካችሁ ብቻ አትቀመጡ። ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ዊልቸር ቀድማችሁ አስመዝግቡላቸው፤ የሚገፋው ሰው ኢሚግሬሽን ድረስ ያደርሳቸዋል። በርበሬና ሽሮው በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከያዙ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩባቸው ይችላሉ። ቋንጣው ይቅር። ስለያዙት ምግብ ሲጠየቁ ደግሞ ሁሉንም ይናገሩ። ከተናገሩ ቢወሰድባቸው ነው፤ ከደበቁ ግን ቅጣት አለው። ይህን ከመነሳታቸው በፊት ደውላችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ንገሯቸው።