ለዋንዛ ረከቦት የቱ ቅብ ይሻላል? እስካሁን የደረስኩበት

ረከቦቱ ተገጣጥሞ ካለቀ ቆየ። እኔ ግን ገና ቅቡ ላይ ነኝ። እንጨቱ የአያቴ አሮጌ አልጋ ጣውላ ነው፤ ዋንዛ። እንዲህ ያለ ጣውላ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። በችኮላ ላበላሸው አልፈለግኩም።

መጀመሪያ የሠራኋትን ትንሽ ጠረጴዛ በጎማላካ ነበር የጨረስኳት። ጎማላካ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ በአልኮል ሟሙቶ በጨርቅ ይቀባል። ቶሎ ስለሚደርቅ በአንድ ቀን ብዙ እጅ መደራረብ ይቻላል። ዋንዛ ላይ ማር የመሰለ መልክ ያወጣል፤ ከእሱ የሚያምር እስካሁን አላየሁም። ፋሲካ ዕለት ግን አረቄ ጠብ አለበት። በአልኮል የሟሟ ነገር አልኮል ሲነካው መልሶ ይሟሟል። ስንጠርገው ቅቡ አብሮ ተነሳ። ትኩስ ሲኒ ያረፈበት ቦታ ደግሞ ነጭ ቀለበት ሠራ። ጎንደር ውስጥ ቡናና አረቄ የማያርፍበት ጠረጴዛ የት አለ?

ስለዚህ አሁን ከአልጋው የተረፉ ቁራጮችን ወሰድኩ። ሁሉንም እስከ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። ከዚያ በየተራ ቀብቼ ትኩስ ሲኒ አስቀመጥኩባቸው፣ ውኃ አሳደርኩባቸው፣ አረቄም ጠብ አደረግኩባቸው።

የንብ ሰም ቶሎ ወደቀ። ሽታው ደስ ይላል፤ እጅ ላይም ልስልስ ነው። ግን ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣል። ሲኒው ክቡን ትቶ ተነሳ።

ኑግ ዘይትም ሞክሬያለሁ፤ ቤት ውስጥ ስላለ። ከሳምንት በኋላም ጣት ላይ ይጣበቃል። ተልባ ዘይት ግን ሌላ ነው። ከአየር ጋር ተዋህዶ በራሱ ይጠነክራል። የዋንዛውን መስመር ሁሉ ከውስጥ ያወጣዋል። ችግሩ ጊዜ ነው፤ ያልፈላ ተልባ በጎንደር ክረምት ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። በደንብ ከደረቀ በኋላም ያደረ ውኃ ጥላውን ይጥልበታል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። የቀባሁበትን ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጋቱራው አጠገብ ጥዬው ነበር። ሥራ የሚያሳየኝ ጎረቤታችን አናጢ ገባ፤ አየው፤ ሮጦ አነሳው። «አንተ ልጅ፣ ቤት ልታቃጥል ነው?» አለኝ። እጄን አስነካኝ፤ የጨርቁ መሀል ሞቋል። ለካ ተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል። ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ማንም ክብሪት ሳይጭር ሊነድ ይችላል። አሁን ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ዘርግቼ ነው የማደርቀው። ዝናብ ከሆነ ውኃ የሞላ ቆርቆሮ ውስጥ እነክራለሁ።

የቀረው ቫርኒሽ ነበር። ብቻውን ስቀባው ሙቀቱንም፣ ውኃውንም፣ አረቄውንም ቻለ። መልኩን ግን አልወደድኩትም፤ ከላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ይመስላል። ጋሼ፣ ያ ጎረቤታችን አናጢ፣ ተልባውንና ቫርኒሹን እንዳጋባቸው መከረኝ። በአንዱ ቁራጭ ላይ አንድ እጅ ተልባ ቀባሁ፣ ትርፉን ወዲያው ጠረግኩ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን እጅ ቫርኒሽ በአኳራጅያ (በቀለም ማቅጠኛ) እኩል በእኩል አቅጥኜ ቀባሁ። በየእጁ መሀል በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሸት ማድረግ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት። ያ ቁራጭ መልኩም ጥንካሬውም ልቤን ሞላው።

ረከቦቱንም እንደዚያው እያደረግኩት ነው። የጣውላው ጫፍ ከፊቱ ይልቅ ብዙ ስለሚጠጣ አንድ እጅ ጨመርኩለት። ከሥሩም ቀባሁት። አንዱ ፊት ብቻ ከተቀባ እንጨቱ እርጥበት ሲስብ ሊቆለመም ይችላል።

ሦስተኛው እጅ ትናንት ጠዋት አለቀ። ለፍልሰታ ፍቺ ቡና እንዲፈላበት እማዬ ሲኒዎቹን አጥባ ደርድራለች። ዛሬ ከሥሩ በጥፍሬ ጫን አደረግኩት፤ አሁንም ምልክት ይይዛል። ገና ነው አልኳት።