እጄ መሪው ላይ፣ ጆሮዬ ስልኩ ላይ

ዛሬ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስጓዝ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት እየወጣሁ ስልኬን ላለመንካት ስል፣ መልእክት ጮክ ብለው የሚያነቡ ሁለት መተግበሪያዎችን አወዳደርኩ። የመጀመሪያው እንግሊዝኛውን አሳምሮ አንብቦ አማርኛው ላይ ሲደርስ የላኪውን ስም ብቻ ጠርቶ ዝም አለ። ሁለተኛው ሁሉንም አነበበልኝ፤ ነገር ግን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ እህቴ «አባባ ገና አልመጣም» ብላ የላከችውን «ና»ን አጥብቆ በዓሉን አስመሰለው (ወሩ ደግሞ ሰኔ ነው!)። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸውን የአማርኛ ድምፆች በኮምፒውተር ሰምቻቸዋለሁ፤ ለዛቸው ለሰው ይቀርባል። ለመንገድ ግን፣ ቃናው የቆርቆሮ ቢሆንም፣ ሁለተኛውን መርጫለሁ። ለእህቴ የመለስኩላት አወዳይ ደርሼ መኪናዬን ዳር ካስያዝኩ በኋላ ነው።