የታይሮይድ ክኒኔን ከአይረን ጋር የዋጥኩበት ስምንት ወር

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ አምስት ወር ሲሆነኝ በአዳማ ሙቀት ጋቢ ለብሼ እቀመጥ ነበር። ጎረቤቶቼ በራቸውን ከፍተው አየር ይፈልጋሉ፣ የእኔ እግር በረዶ ነው። ፀጉሬ በማበጠሪያው ተጠቅልሎ ይወጣል። ልጄን እያጠባሁ እንቅልፍ ይጥለኛል። እናቴ «አራስ ገላሽን ብርድ መቶት ነው» አለች። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክም «የወለደች ሴት ይደክማታል» ብሎ ሸኘኝ።

ሌላ ቦታ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ቲኤስኤች፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው፣ ሲበዛ የሚወርደው የደም ምርመራ፣ ከፍ ብሎ መጣ። አንገትሽ ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ በቂ ሆርሞን አያመርትም ተባልኩ፤ ሆርሞኑን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን 50 ማይክሮግራም ተጻፈልኝ። «ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ አንድ።» በቃ።

ይሄን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለፈው ስምንት ወር ነው።

ደም ማነስም ስለነበረብኝ አይረን እወስድ ነበር። እንዳልረሳ ብዬ ሁለቱን ክኒኖች አንድ ላይ አደረግኳቸው። ጠዋት ትልቋ ለትምህርት ቤት ትለብሳለች፣ ትንሹ ያለቅሳል፣ እኔ እሱን አቅፌ ሁለቱንም በአንድ ጉንጭ ውሃ እውጣለሁ። እናቴ ወዲያው ቡና ትሰጠኛለች። እህል አልቀመስኩም፤ የታዘዝኩትን ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

ለካ አይረን የታይሮይዱን ክኒን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፣ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ካልሲየምም እንደዚያው ነው። በመካከላቸው አራት ሰዓት መኖር አለበት። ቡናም ወዲያው ከተጠጣ መድኃኒቱን ይቀንሰዋል።

ከሁለት ወር በኋላ ቲኤስኤች አልወረደም። የክኒኑ መጠን 75 ተደረገ። አሁንም አልወረደም። 100። ከዚያ 125። «በትክክል እየዋጥሽ ነው?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ፣ ያውም እንደ ውሸታም እየታየሁ። «ከምን ጋር ነው የምትውጪው?» ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። አይረኑን የጻፉልኝ እዚያው ነው፤ ካርዴ ላይ አለ። ገልጦ ማየት ምን ያህል ይከብዳል? እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ራሴንም አልምርም። ከክኒኑ ካርቶን የወጣውን ወረቀት ትልቋ ልጄ ጀልባ ሠራችበት። ሳፋ ውስጥ ሲንሳፈፍ ቆሜ አይቼዋለሁ። ስለ አይረን የተጻፈው እዚያ ላይ ነበር።

ከዚያ አይረኑ አለቀና መልሼ አልገዛሁም። 125ቱ ግን ቀጠለ፤ አሁን አይረን ስለማያግደው ከበፊቱ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል፣ ሆርሞኑ ይበዛል። ወር ሳይሞላ ልቤ ደረቴን እየደለቀ ሌሊት ያስነሳኝ ጀመር። የልጄን ፀጉር ስከፍል እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩን ቀጥ ማድረግ አቃተኝ። አንድ ቀን ትንሹ ሽሮ ደፋ ብዬ ጮህኩበት። የዓመት ልጅ ነው። ደንግጦ ትንፋሹ ቁርጥ ሲል አየሁት። ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው።

ነገሩ የገባት ፍራንኮ አካባቢ ያለች የፋርማሲ ልጅ ናት። ማዘዣዎቼን አየችና «እህቴ፣ መጠኑ እንዲህ ቶሎ ቶሎ የጨመረው ሌላ የምትወስጂው ነገር ኖሮ ነው?» አለችኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። በማግስቱ ተመረመርኩ፤ ቲኤስኤች ወደ ዜሮ ወርዷል። መጠኑ ወደ 75 ተመለሰ፣ ከሁለት ወር በኋላ ልክ ገባ።

«ጠዋት በባዶ ሆድ» የሚባለው ሕፃናት ላሉባት እናት አይሆንም ባይ ነኝ። ሐኪሜን አማክሬ ወደ ማታ አዞርኩት። እራት 1 ሰዓት እንበላለን፣ ክኒኑን 4 ሰዓት ላይ ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል እውጣለሁ። አይረን ከታዘዘልኝ ምሳ ላይ ነው። «ሦስት ወር ቆይተሽ ነይ» ብትባሉም፣ መጠን ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ልመርመር በሉ። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን ያለበት ቫይታሚን የምትወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ፤ ውጤቱን ያዛባል። ክኒኑን ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አታኑሩ፣ የአዳማ ሙቀት ያበላሸዋል።

«ጡት አስጥይው፣ መድኃኒቱ ይጎዳዋል» ያሉኝም ነበሩ። ልክ በሆነ መጠን የሚጠባ ልጅ ላይ ችግር እንደሌለው ጠይቄ አረጋገጥኩ፤ ሁለት ዓመት አጠባሁት። በዚህ እኮራለሁ።

አሁን ባለቤቴ ሦስተኛ ልጅ እያለ ነው። በእርግዝና የሚያስፈልገው መጠን ገና ከመጀመሪያው ይጨምራል። ስለዚህ ነገሩ ከሆነ እርግዝናውን ባወቅኩበት ሳምንት ደም እሰጣለሁ። ቀጠሮ ቢሉኝም አልጠብቅም።